እማማ ዘነበች አንድ እግራቸውን ያላስገቡባት መኪና

ተረት ተረት! ላሟ ከተሸጠች ቆየች፣ በረቱም ፈርሷል፤ በረቱ በነበረበት ቦታ ላይ አሁን አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች። ተረቱም የእሷ ነው።

መኪናዋ የውድነሽ ናት። ውድነሽ በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት እናቷን እማማ ዘነበችን ሐኪም ቤት ታደርሳለች። መንገዱ ይጨናነቃል፤ ውድነሽ ትማረራለች፤ እማማ ግን ደስ ይላቸዋል። ለምን ቢሉ፣ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ደብረ ማርቆስ ያሉት እህታቸው እማማ አሰለፈች በመኪናዋ ሰፊ ስክሪን ላይ ቁጭ ብለው ያወጓቸዋል። እማማ አሰለፈች ጆሯቸው ስለከዳቸው ተራ ስልክ አይሰሙም፤ የሚያወሩት ከንፈር እያዩ ነው። የእማማ ዘነበች ዓይን ደግሞ ደክሟል፤ በእጅ ስልክ ላይ የሚታይ ሰው ለእሳቸው የምስር ፍሬ ነው። ስለዚህ እህትማማቾቹ የሚገናኙት እዚያች መኪና ውስጥ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ፣ እማማ ዘነበች ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ "አሰሉ፣ ሐኪሙ ዛሬ ምን አለኝ መሰለሽ..." ከማለታቸው ስክሪኑ ድርግም አለ። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ነፃ ኢንተርኔት አበቃ። "ለመቀጠል ይከፍላሉ?" የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩም "እሺ" እና "ሌላ ጊዜ"። ውድነሽ "ሌላ ጊዜ"ን ነካች። "ለቤቱ እከፍላለሁ፣ ለስልኩ እከፍላለሁ፣ አሁን ደግሞ ለጎማው ልክፈል?" አለች በሆዷ። ለእናቷ ግን፣ "ኔትወርኩ ነው እማዬ" አለቻቸው። ይህች ውሸት ሳምንቱን ሙሉ ውስጥ ውስጧን ስትበላት ሰነበተች።

ማክሰኞ ደረሰ። እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው መኪናዋ ውስጥ ገቡ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልገቡም። አንድ እግራቸውን ውጭ ተዉት።

"እማዬ፣ እግርሽን አስገቢና በሩን ልዝጋ።"

"አላስገባም። አሰለፈች ይሄኔ 'ሐኪሙ ምን ብሏት ይሆን?' እያለች እንቅልፍ የላትም። እህቴን ሳላይ እግሬ አይገባም።"

"ለጎረቤቷ ደውዬ ልንገርልሽ?"

"የራሴን በሽታ በሰው አፍ አልልክም! ወይስ ዛሬም ኔትወርኩ ነው?"

ውድነሽ ፊቷ ጋለ። ቶሎ ብላ ወደ መኪናዋ ዞረች።

"መኪና፣ መኪና፣ አክስቴን አሳዪ! እማማ እግሬ አይገባም አሉ፣ ረፈደብን!"

"ኢንተርኔት ሳልቀምስ አላሳይም" አለች መኪና።

ውድነሽ ስልኳን ከቦርሳዋ መዥረጥ አደረገች።

"ስልክ፣ ስልክ፣ ለመኪና አካፍል! መኪና አላሳይም አለች፣ እማማ እግሬ አይገባም አሉ፣ ረፈደብን!"

"ባትሪዬ ቀልቷል፤ ገመድ ሳልጎርስ አላካፍልም" አለ ስልክ። ሆዷ ሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነች መኪና ውስጥ ተቀምጦ ራበኝ ማለቱ ነው! ችግሩ ገመዱ እቤት ቀርቷል፤ የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው ደግሞ ባሏ ሸዋንግዛው ብቻ ነው። እሱ መታጠቢያ ቤት ነው። ውድነሽ እየሮጠች ሄዳ በሩን ደበደበች።

"ሸዋ፣ ሸዋ፣ ገመዱን ፈልግ! ስልክ አላካፍልም አለ፣ መኪና አላሳይም አለች፣ እማማ እግሬ አይገባም አሉ፣ ረፈደብን!"

"በየትኛው ዓይኔ ልፈልግ? ሳሙና ገብቶበታል እኮ! ልላጭ ፊቴን ሳሙና ከመቀባቴ ውሃው ሄደ። ውሃ ካልመጣ ገመድ አልፈልግም።" ቀጥሎም፣ "ለመሆኑ፣ ለመኪናው ብትከፍይስ?"

"'መኪና የሚነዳው በመሪ ነው፣ ኢንተርኔት ምን ያደርግልናል' ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

"ያኔ ዓይኔ ውስጥ ሳሙና አልነበረም።"

ውሃው ያለው የግቢው ሰዎች በጋራ በሚጠቀሙበት ሮቶ ውስጥ ነው። የሮቶው ቁልፍ ያለው በዘበኛው በጋሽ ቢራራ ኪስ ነው። ውድነሽ ወደ ጋሽ ቢራራ ሮጠች።

"ጋሽ ቢራራ፣ ጋሽ ቢራራ፣ ሮቶውን ይክፈቱልኝ! ሸዋ ገመድ አልፈልግም አለ፣ ስልክ አላካፍልም አለ፣ መኪና አላሳይም አለች፣ እማማ እግሬ አይገባም አሉ፣ ረፈደብን!"

"የኔ እመቤት፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ እትዬ ትርንጎ ናቸው። እሳቸው ቃል ካልሰጡኝ ሮቶ አልከፍትም። ባለፈው ለአንዱ አዘንኩና ከፈትኩለት፤ ውሃውን የጠጣው እሱ፣ ቁጣውን የጠጣሁት እኔ!"

እትዬ ትርንጎ ከነመነጽራቸው ዘንጠው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል።

"እትዬ ትርንጎ፣ እትዬ ትርንጎ፣ ቃል ይስጡልኝ! ጋሽ ቢራራ ሮቶ አልከፍትም አሉ፣ ሸዋ ገመድ አልፈልግም አለ፣ ስልክ አላካፍልም አለ፣ መኪና አላሳይም አለች፣ እማማ እግሬ አይገባም አሉ፣ ረፈደብን!"

"ልጄ፣ ዛሬ የመንጃ ፈቃድ ፈተናዬ ነው። ባለፈው ሳልመረቅ ሄጄ ከግንድ ጋር ተሳስሜ ተመለስኩ። ዛሬ እናትሽ ሳይመርቁኝ አፌን በሮቶ ወሬ አላሟሽም። ምርቃት ከሌለ ቃል የለም!"

ውድነሽ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። የእናቷ እግር አሁንም ውጭ ነው፤ ጫማው አቧራ ላይ እየተወዛወዘ።

"እማዬ፣ እማዬ፣ እትዬ ትርንጎን መርቂ! እትዬ ትርንጎ ቃል አልሰጥም አሉ፣ ጋሽ ቢራራ ሮቶ አልከፍትም አሉ፣ ሸዋ ገመድ አልፈልግም አለ፣ ስልክ አላካፍልም አለ፣ መኪና አላሳይም አለች፣ አንቺም እግሬ አይገባም አልሽ፣ ረፈደብን!"

"በተከፋ አፍ ምን ምርቃት ይወጣል?" አሉ እማማ። "እህቴን ሳላይ አልመርቅም።"

ውድነሽ ድርቅ ብላ ቆመች። ዞራ ዞራ የደረሰችው እተነሳችበት! መኪናን ስጪ አለች፣ ስልክን ስጥ አለች፣ ባሏን፣ ዘበኛውን፣ ጎረቤቷን ለመነች። በዚያ ሁሉ ሩጫ አንድ ነገር እንኳ ስጪ ያልተባለች ብትኖር እሷው ራሷ ነች። ቀስ ብላ መሪው ጋ ተቀመጠች። ስክሪኑ ሳይሰለቸው ይጠይቃል። "እሺ" ወይስ "ሌላ ጊዜ"?

ጣቷን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። አንድ ነገር ይቀድማል።

"እማዬ፣ ባለፈው ኔትወርኩ አልነበረም። እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ኔትወርክ ሲሆን ትራገሚያለሽ። ያን ቀን ዝም አልሽ።"

ውድነሽ ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮት መጣ። "እሺ"ን ተጫነች።

ከዚያማ ማን ይያዛቸው! መኪና ኢንተርኔት ቀመሰች። እማማ አሰለፈች ስክሪኑን ሞልተው ብቅ አሉ። እማማ ዘነበች እልል አሉና አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ "ትርንጎ፣ መሪው ይታዘዝልሽ፣ ግንዱ ገለል ይበልልሽ!" ብለው መረቁ። እትዬ ትርንጎ አሜን ብለው ቃል ሰጡ፣ ጋሽ ቢራራ ሮቶውን ከፈቱ፣ ውሃው መጣ፣ ሸዋ ዓይኑን ታጠበ፣ ገመዱን አገኘ፣ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ፎጣውን እንዳገለደመ ከተፍ አለ፣ ስልክም ገመድ ጎረሰ፤ ያኔ ግን ማንም አልፈለገውም።

"ዘነቡ!" ብለው ጮኹ እማማ አሰለፈች ከስክሪኑ። "አለሽ? ነጠላዬን ልዘቀዝቅልሽ ምንም አልቀረኝ! ንገሪኝ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ?"

ሁሉም መኪናዋን ከበበ። እትዬ ትርንጎ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጋሽ ቢራራ ባርኔጣቸውን አነሱ። እማማ ዘነበች ከንፈራቸው በደንብ እንዲታይ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

"ሐኪሙማ... ጨው ቀንሺ አለኝ።"

"ጨው? ሳምንት ሙሉ ያለቀስኩት ለጨው ነው?"

"እንግዲያው አንቺም ቀንሺ። እንባሽም ጨው ነው።"

እማማ አሰለፈች እስኪያስላቸው ሳቁ። "በሉ ንዱ፤ የልጅነት ሰፈሬን ስታልፉ በመስኮቱ አሳዩኝ!" አሉ።

እማማ ዘነበች እግራቸውን አስገቡ። በሩ ጠቅ አለ።

እነሱ መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ተረቴ ግን ሰፈሩ ደርሷል። ወራጅ አለ!