ለድግስ የሚጠበቁ ቆቆች

አንድ ጊዜ፣ ደመና በሚያርፍበት የደጋ ተራራ ላይ፣ ጓሳ በሚባለው ረጅም ሣርና አስታ በሚባለው ቁጥቋጦ መካከል አንዲት ቆቅ ትኖር ነበር። ተራራው የአያ አንበሳ ርስት ነው። አያ አንበሳ ራሱ የሚኖረው ታች ቆላ፣ ከተራራው በሚወርደው ወንዝ ዳር ነው። ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳ ግን ዘመዶቹን ሰብስቦ ቆቅ አድኖ ሊደግስላቸው ሽቅብ ይወጣል።

ተራራውን እንዲጠብቅለት የሾመው አያ ጅቦን ነበር፤ ደመወዙ ከአደኑ የተረፈው ክንፍና አንጀት ነው። ጅብም ተቀምጦ አሰበ። «ቆቅ ሲበዛ ትራፊ ይበዛል፤ ትራፊ ሲበዛ ሆዴ ይሞላል» አለ። ከዚያ ወዲያ ማሰብ ደከመው።

ወዲያው ሥራውን ጀመረ። «ንስር ጫጩት ይለቅማል» ብሎ ጎጆውን ከገደሉ ላይ አፈረሰበት። «ቀበሮ እንቁላል ትሰርቃለች» ብሎ ከነልጆቿ አባረራት። ለቆቆቹ ለጋ ቡቃያ እንዲበቅል ብሎም አስታውንና ጓሳውን በእሳት አነደደው።

ቆቆቹ በዙ፤ ወፈሩም። «ንስር የለ፣ ቀበሮ የለ! ለአያ ጅቦ ዕድሜ ይስጥልን!» እያሉ በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ ይንጎማለሉ ጀመር።

የእኛዋ ቆቅ ግን እህል አልዋጥልሽ አላት። ባለፈው አደን ጅብ እየጮኸ ቆቆቹን ከሣሩ አስበርግጎ በሙሉ ወደ አንበሶቹ አፍ ሲነዳቸው፣ ባሏ ከጎኗ ተነጥቆባታል። ዘንድሮ ደግሞ ገና መብረር ያልቻሉ ጫጩቶች አሏት።

«እህቶቼ፣ ጅብ የሚቀልበን ለነፍሱ ብሎ ይመስላችኋል?» አለቻቸው። «ለሰርግ የሚታረድ ሙክትም እኮ እስከ ሰርጉ ቀን ድረስ ይቀለባል።»

«አንቺ ደግሞ ጠግቦ ማደር አይስማማሽም!» አለች አንዷ ወፍራም ቆቅ። «ንስር ይመለስብን ልትይ ነው?»

«አዎ፣ ይመለስ! ንስር ሲመጣ ቁጥቋጦ ውስጥ እገባለሁ። ድግስ ሲመጣ ግን የት ልግባ? ቁጥቋጦው ነዷል።»

ሳቁባት። እሷ ግን ዝም አላለችም። ከቋጥኝ ቋጥኝ እየዞረች ለጥንቸሏም፣ ለሽኮኮውም ነገሩን አስረዳች። እነሱም ብሶት ነበረባቸው፤ ጥንቸሏ መደበቂያ አጥታለች፣ ሽኮኮው ደግሞ የሚጠጣበት ምንጭ ደርቆበታል። አይጥ የሚበላ ጠፍቶ አይጡም ተራራውን እንደ ወንፊት በሳስቶታል።

በመጨረሻ ቆቅ የተባረረችውን ቀበሮ ፍለጋ ሄደች። ከገደሉ ሥር አገኘቻትና ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆማ ተጣራች።

«እመት ቀበሮ፣ ምክር ፈልጌ ነው።»

«ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሟል፤ ጠጋ በይ» አለች ቀበሮ ምራቋን እየዋጠች።

«የእኔ ድምፅ ደህና ነው፤ ከዚሁ ይሰማል።»

ቀበሮ ሳቀች። «በይ እሺ፣ ስሚኝ። አንበሳ ፊት ቀርበሽ ‹እዘኑልን› እንዳትይ፤ ሆድ ጆሮ የለውም። ስለ ውሃው ጠይቂ። ጅብን ደግሞ ለእኔ ተይልኝ።»

ሁሉም ተያይዘው ወደ ቆላ ወረዱ። ከቆቆቹም አንዳንዶቹ፣ አፍረው ይሁን ፈርተው፣ ከኋላ ተከተሉ። ጅብ ይህን ሲሰማ «ልከሰስ ነው!» ብሎ እያለከለከ ቀድሟቸው ደረሰ።

አያ አንበሳ ወንዙ ዳር ተጋድሞ ነበር። ቆቅን ሲያያት ጢሙን ላሰ። «ምሳዬ ዘንድሮ በእግሩ መጣ!»

ቆቅ ወንዙ ዳር ካለ ዋርካ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ተናገረች። «ጌታዬ፣ የመጣሁት ልጠይቅዎ ነው። ልጆችዎ ምን ይጠጣሉ?»

አንበሳ ፊቱ ጠቆረ። ወንዙ ክረምት ክረምት ጭቃ ተሸክሞ ይወርዳል፤ በጋ በጋ ይደርቃል። ደቦሎቹ ሆዳቸውን ታመው ጥላ ሥር ተኝተዋል። «ማን ነው ወንዜን እንዲህ ያደረገው?»

ያን ጊዜ ቀበሮ አንገቷን ደፍታ ቀረበች። «ጌታዬ፣ ተራራው ላይ የሚሠራው ሥራ ሁሉ የአያ ጅቦ ብቻ ነው። እኛ ምን እናውቃለን? ሙያውን እሱ ራሱ ይንገርዎ እንጂ!»

ጅብ ሊከሰስ መጥቶ ሲመሰገን ጊዜ ደረቱ ተነፋ። «እውነቷን ነው ጌታዬ! ንስርን ያባረርኩ እኔ! ጓሳውንና አስታውን ያነደድኩም እኔ!»

«ውሃውንስ?» አለች ቀበሮ ለስለስ ብላ።

«ውሃውንማ! ድሮ ዝናቡ ሣሩ ውስጥ እየተኛ፣ እየተንቀረፈፈ ነበር የሚወርደው። አሁን የሚይዘው ስለሌለ ከነአፈሩ እየጋለበ ጌታዬ ዘንድ ይደርሳል። ያፋጠንኩት እኔ ነኝ!»

ሽኮኮው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ድንጋይ ሥር ገባ።

አንበሳ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ደቦሎቹንም አያቸው። «እኔ ለአንድ ቀን ድግስ ብዬ ዓመቱን ሙሉ ልጆቼን ጭቃ አጠጣሁ» አለ። ከዚያ አገሳ። ጅብ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ወሽቆ እስከ ማዶው በረሃ ሮጠ፤ ለምን እንደተባረረ ግን እስካሁን አልገባውም ይባላል።

«ከእንግዲህ በተራራዬ ላይ እሳት አይነሣ» አለ አንበሳ። «የተባረረ ሁሉ ይመለስ። ቆቅን እየነዱ ማደንም ቀርቷል፤ የራበው ለራቡ ብቻ ያድን።»

አስታው ቀስ በቀስ አቆጠቆጠ፤ ጓሳውም እንደገና አደገ። ምንጩ መንጠባጠብ፣ ቆይቶም መፍሰስ ጀመረ። ንስርም ተመለሰ። አንድ ጠዋት ጥላው ሜዳው ላይ ሲያልፍ ወፍራሟ ቆቅ ዘላ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባችና «ይኸው! ደስ አለሽ?» ብላ ጮኸች።

«አዎ» አለች የእኛዋ ቆቅ፣ ጫጩቶቿን በክንፎቿ ሥር ሰብስባ። ልቧ ይመታ ነበር፤ ግን እውነቷን ነው፣ ደስ ብሏታል።

ከዚህ የምንማረው፣ ለአንድ ጌታ ድግስ ሲባል የተራቆተ አገር መጨረሻው ጌታውንም የሚያስጠማ መሆኑን ነው።