የነብሩ ለቅሶ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ በረታችሁን ዝጉና ስሙኝ።

ነብር የፍየሏን ግልገል በላና፣ ሳያፍር ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ድንኳኑ መሀል ደረቱን እየደቃ፣ «የእኔንስ ነገር ማን አየው! በዚያ ክፉ ድርቅ እናቴን ያጣሁ፣ ወንድሞቼ እየነከሱኝ ያደግሁ ነኝ» እያለ ተንሰቀሰቀ። በጎቹና በሬዎቹ ሆዳቸው ባባ፤ ግልገሉን ረስተው ለነብሩ ያለቅሱ ጀመር።

ፍየሏ ይህን ስታይ እንባዋን ጠርጋ ብድግ አለች።

«አያ ነብሮ፣ ልጅነትህ ያሳዝናል፤ አልዋሽም። እኔም በዚያው ድርቅ፣ ጡት ሳልጠግብ እናቴን ቀብሬአለሁ። እስቲ ንገረኝ፤ ይህን የመሰለ ቀንድ ይዤ እስከ ዛሬ የማንን ልጅ ወጋሁ?»

ነብሩ የሚያዝንለት ፍለጋ ዞር ሲል፣ ሲያለቅሱለት የነበሩት ሁሉ ቀንዳቸውን ወደ እሱ አዙረው ቆመዋል።