የአቶ ሸዋንግዛው የዳቦ መጥበሻ

አቶ ሸዋንግዛው የሕንጻው ባለቤት ናቸው፤ ቦርጫቸው ቀድሟቸው ሲገባ ተከራዩ ሁሉ ብድግ ይላል። ሰሞኑን ደግሞ የዳቦ መጥበሻ ልግዛ ብለው ምድር ቤት ያለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ደጅ ሲጠኑ ሰነበቱ። ሰበቡ መጥበሻ ይሁን እንጂ ዓይናቸው ከሻጯ ልጅ ላይ አይነቀልም። የዚህኛው ቀለም አላማራቸውም፤ የዚያኛው አፍ ጠቧቸዋል። "ነገ ደግሞ እመጣለሁ" ይሉና ጥቅሻ ጣል አድርገው ይወጣሉ። ልጅቷ በሆዷ "ኧረ ምነው መብራት በጠፋና በገላገለኝ!" ትላለች። አሠሪዋ ግን ከሕንጻው እንዳያስወጡት ፈርቶ "ቻያቸው እንጂ" ይላታል።

በሳምንቱ፣ ሱቁ በገዢ ጢም ባለበት ሰዓት መጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ጥሩ መጥበሻ በምን ይታወቃል? ካሳመንሽኝ እገዛለሁ። ካላሳመንሽኝ ግን ነገ ቤቴ መጥተሽ ቁርሴን በእጅሽ ትጠብሺልኛለሽ!" አሉ።

አሠሪዋ አንገቱን ደፋ። ልጅቷ ግን አንዱን መጥበሻ ብድግ አድርጋ አስታቀፈቻቸው።

"ይሄማ ቀላል ነው፣ ጋሼ። ጥሩ መጥበሻ ትንሽ ይሞክርና ጠቅ ብሎ ይተዋል። ሳምንት ሙሉ ቆሞ የሚጠብስ ከሆነ ግን እሱ ተበላሽቷል፤ ከሶኬቱ መንቀል ነው!"

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። አሠሪዋ እንኳ ፊቱን በካርቶን ሸፍኖ ተንፈቀፈቀ። አቶ ሸዋንግዛው ብሩን ባንኮኒው ላይ ወርውረው፣ የመጥበሻው ገመድ ከኋላቸው እየተጎተተ ወደ በሩ ገሰገሱ።

"ጋሼ፣ መልስዎን!" ብላ ተጣራች ልጅቷ።

"ተቀብያለሁ!" አሉ ዞር ሳይሉ።