አራተኛው መስመር

አንድ ጊዜ፣ ጨው መሸከም የመረራት አህያ የአንበሳ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች። ዓመቱ ሲያልቅ መምህር አንበሳ ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ከበሮ ትሠራላችሁ፣ ዘፈን ትደርሳላችሁ። እቅዱን ዛሬ፣ ሥራውን በአንድ ወር። ያላቀረበ ወደ ድሮ ሥራው ይመለሳል» አለ።

አህያ የድሮ ሥራዋን ታውቀዋለች። የጀርባዋ ገጣባ ገና አልሻረም።

አጣማሪዋ ቀበሮ ነበረች። አህያ እቅዱን በሰሌዳ ጻፈች። አንድ፣ ግንድ መቦርቦር። ሁለት፣ ዘፈን መድረስ። ሦስት፣ ልምምድ። አራት፣ ቆዳ። ከቆዳው ፊት ለፊት ግን ምንም አልጻፈችም። ቆዳ ከየት እንደሚመጣ ማሰብ ያስፈራታል።

«እሱን ለእኔ ተዪው» አለች ቀበሮ። «አያ ጅቦ ቆዳ ያውቃል።»

«ከየት ያመጣል?»

«አንቺ ዜማሽን አሳምሪ፣ እህቴ። ሁሉን ልወቅ ያለ አንዱንም አይጨርስ።»

አህያ ቀለላት። ግንዱን በሰኮናዋ ቦረቦረች። ዘፈኑንም ደረሰች፤ ስለ ጭነት ነበር። ቀበሮ አጠገቧ ተኝታ ግጥሙን በቃሏ ያዘች።

በሃያኛው ቀን ቀበሮ ጅብን አስከትላ መጣች። በገመድ መጀመሪያ የከበሮውን አፍ ለካች። ቀጥሎ የአህያን ጀርባ፣ ከጎን እስከ ጎን።

«እኔን ለምን?»

«ለማንገቻው ነዋ። አጥሮ ቢያንቅሽስ?»

«ቆዳውስ የት ደረሰ፣ አያ ጅቦ?»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ደህና ነው። ጠዋት ሣር ሲግጥ አይቼዋለሁ።»

አህያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ኧረ አያ ጅቦ፣ ቆዳ ይግጣል እንዴ?»

ቀበሮም አብራት ሳቀች። ጅብ ብቻ አልሳቀም። ምን እንደተሳሳተ አልገባውም።

በቀጠሮው ቀን ከበሮው አንበሳ ፊት ቀረበ። ቀበሮ የጭነቱን ዘፈን ዘፈነች። አንበሳ ከበሮውን መታ፤ ሜዳው አስተጋባ። ጠርዙ ላይ ግን ድምፁ ታፈነ። አጎንብሶ አየ። ፀጉር ያልበቀለበት ገጣባ ነበር።

«አጣማሪሽ የት አለች?»

«እዚሁ ናት፣ መምህር።»

ከኋላ ጅብ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

አንበሳ ሰሌዳውን አነበበ። አራቱም መስመሮች ተፈጽመዋል። ከቀበሮ ስም ጎን «አልፋለች» ብሎ ጻፈ። ከአህያ ስም ጎንም «አልፋለች» ብሎ ጻፈ።

ከዚህ የምንማረው፣ ማሰብ ያስፈራንን የእቅዳችንን መስመር ሌላ ይሙላው ብለን ስንተወው፣ መሙያው እኛው ልንሆን እንደምንችል ነው።