ጦጣዋ የነጠቀችው መነጽር

እስቲ ንገሩኝ፤ መነጽሩን ጦጣ የነጠቀችው ሰው ማንን ይከሳል?

ደብሪቱ የምትባል አሮጊት ነበረች፤ ዕድሜዋን በሰው አገር ስታነብ የጨረሰች፣ ከመጽሐፍ በቀር ወዳጅ ያልነበራት። ሻንጣዋን በጀርባዋ አዝላ፣ በርካሽ ባቡር ተሳፍራ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለ እርሷ ስታነብ የኖረችውን የሕንዷን ቫራናሲን ልታይ ሄደች። ከሁሉ በረከሰው ማደሪያ፣ ጣሪያ ላይ አደረች። ጎህ ሲቀድ ወንዙን ልታይ ብድግ ስትል፣ አንዲት ጦጣ መነጽሯን ከአፍንጫዋ ላይ መንትፋ ግንብ ላይ ወጣች። ከተማው ሁሉ ጉም ሆነ። የምትመለስበት ባቡር ደግሞ ረፋድ ላይ ይነሣል።

«መልሺ፣ አንቺ ሌባ!»

«ሙዝ ካላመጣሽ አልመልስም።»

በዳበሳ ወደ ሙዝ ሻጩ ወደ ባንሲ ወረደች። «ልጄ፣ ሙዝ ሽጥልኝ። ያለ ሙዝ ጦጣዋ መነጽር አትመልስም።»

«እማማ፣ እኔ ሻይ ሳልቀምስ ሚዛን አልነካም።»

ወደ ሻይ ሻጩ ሄደች። «ሻይ ስጠኝ። ያለ ሻይ ባንሲ ሙዝ አይሸጥም፣ ያለ ሙዝ ጦጣዋ መነጽር አትመልስም።»

«ወተት የለኝም፣ እማማ። ያለ ወተት እሱም ሻይ ተብሎ?»

ጠባቡን መንገድ ዘግታ ወደተኛችው ላም ሄደች። «ወተት ስጪኝ። ያለ ወተት ሻይ አይፈላም፣ ያለ ሻይ ባንሲ ሙዝ አይሸጥም፣ ያለ ሙዝ ጦጣዋ መነጽር አትመልስም።»

«መጀመሪያ ጎመን አጉርሺኝ» አለች ላሟ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ።

ጎመን ሻጯ ራምዱላሪ ዘንቢሏን ገና ማውረዷ ነው። ዋጋውን ነገረቻት።

«እህ! ወርቅ ነው እንዴ? ቀንሺ!»

«አልቀንስም።»

ደብሪቱ እንደ ልማዷ ፊቷን አዙራ መንገድ ጀመረች። በዚህ ብልሃት ስንት አገር በርካሽ ዞራለች። ራምዱላሪ ግን ጮኸች።

«አይሂዱ! የዛሬ የመጀመሪያ ገዢዬ እርስዎ ነዎት! የመጀመሪያው ገዢ ባዶ እጁን ከሄደ የቀኑ ገበያ ሁሉ ይበላሻል!»

«እንግዲያው ቀንሺልኛ!»

«በመጀመሪያው ሽያጭ? እሱም ገበያውን ያበላሻል! ጭራሽ!»

ራምዱላሪ አትቀንስም፣ ያለ ጎመን ላሟ አትታለብም፣ ያለ ወተት ሻይ አይፈላም፣ ያለ ሻይ ባንሲ ሙዝ አይሸጥም፣ ያለ ሙዝ ጦጣዋ መነጽር አትመልስም፤ ባቡሩም አይጠብቅም።

ደብሪቱ ቆመች። መንገድ ዳር ቁጢጥ ብላ እንዲህ የምትኮራ ሴት በየትኛውም መጽሐፍ አላነበበችም። የተባለችውን ከፈለች። ራምዱላሪ ሳንቲሙን ለበረከት ግንባሯ ላይ አስነክታ ተቀበለች፤ ከሁሉ የለመለመውን ጎመንም መረጠችላት።

ላሟ ጎመን በላች፣ ታለበች። ወተቱ ገባ፣ ሻዩ ፈላ። ባንሲ ፉት አለ፣ ሚዛኑን አነሣ። ጦጣዋ ሙዙን ቀለበች፣ መነጽሩን ወረወረች።

ደብሪቱ መነጽሯን አደረገች። ወንዙ በፀሐይ ተለብጧል፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው ደረጃ በሰው ሞልቷል፣ የራምዱላሪም የሳሪ ልብስ ብርቱካንማ ነው።

«እንዲህ እንደምታምሩ አንድም መጽሐፍ በቅጡ አልነገረኝም» አለች፣ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ራምዱላሪ ወርዳ።

«እንግዲያው ይቅር ይበሉን፣ እማማ» አለች ራምዱላሪ እየሳቀች፤ «ጦጣዋንም ይቅር ይበሏት።»

«አልልም» አለች ደብሪቱ፣ ሻንጣዋን እያዘለች። «እሷ መነጽሬን መለሰች፤ እናንተ ግን ልቤን ሰርቃችሁ አስቀራችሁ። እሷንም፣ እናንተንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።»