ያስማለ ይማላል

ስሟን ባንጠራ ቅር በማይላት በአንዲት ጥንታዊ የንግድ ከተማ ሐጂ ጀውሀር የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ከሱቃቸው ፊት ለፊት ደግሞ መኪን የሚባል ሌላ ጨርቅ ነጋዴ ነበረ። መኪን ሀብት አላነሰውም፤ ያነሰው ሰላም ነው። ገበያተኛ በዋጋ ሲጣላ «ሐጂን እንጠይቅ» ይላል። ልጅ ሲዳር የሐጂ ዱዓና ምርቃት ይፈለጋል። መስጊድ ውስጥ እንኳ ሰው ተጠጋግቶ ቦታ የሚለቀው ለሐጂ ነው። ይህን ባየ ቁጥር መኪን ይቀናል። «እኔስ ከማን አንሼ?» እያለ ጨርቅ ሲለካ የለካውን ይረሳና እንደገና ይጀምራል።

በዚያች ከተማ ዓመት ከሞላው ሀብት ለድሆች የሚሰጠው ዘካ የሚወጣው የረጀብ ጨረቃ ስትታይ ነው። መኪን ለዚህ መላ ነበረው። ወሩ ሊገባ ሲል ጨርቁን ሁሉ በአህያ አስጭኖ ወደ ቤት በመላክ ለሚስቱ ለዘምዘም በስጦታ ይሰጣል፤ ረጀብ ሲያልፍ እሷ መልሳ ትሰጠዋለች። በማንኛቸውም እጅ ዓመት ስላልሞላው ዘካ የለበትም። የሃይማኖት ሊቃውንቱ፣ ዑለማዎቹ፣ በነገሩ ይከራከሩ ነበር፤ ገሚሱ «ስጦታው ይጸናል» ሲል፣ ገሚሱ «አላህን ለማታለል መሞከር ነው» ይል ነበር። መኪን የወደደው የፊተኞቹን ነው።

አንድ ዓመት ረጀብ ሊገባ ሲል ከሐጂ ሱቅ ጨርቅ በአህያ ተጭኖ፣ ባለቤታቸው ሐያት ወደከፈተችው አዲስ ሱቅ ሲሄድ አየ። «አገኘኋቸው!» አለ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ለሸሪዓው ዳኛ ለቃዲው ሄዶ ከሰሳቸው።

ቃዲው በተሰበሰበው ጀመዓ ፊት ክሱን ሰሙና፣ «ባል ለሚስቱ ቢሰጥ ምን ነውር አለው?» አሉ።

«የከሰስኩት ስጦታውን ሳይሆን ኒያቸውን፣ የልባቸውን ሐሳብ ነው። ከዘካ ለመሸሽ እንዳላደረጉት በቁርኣን ይማሉልኝ!»

«ደንቡን ታውቃለህ» አሉ ቃዲው፤ «ያስማለ ይማላል። ሐጂ ከማሉ በኋላ አንተም ስለራስህ ያንኑ ቃል ትምላለህ።»

መኪን በቅናቱ ይህን ረስቶት ነበር። ቢተው ሊዋረድ ነው፤ ቢምል ቁርኣን ይዞ ሊዋሽ ነው። ሰው ሁሉ ሲያየው ጊዜ «እምላለሁ» አለ።

ሐጂ እጃቸውን ወደ ቁርኣኑ ዘርግተው ነበር። ቀና ብለው መኪንን አዩት፤ እጃቸውንም ሰበሰቡ።

«አልምልም። የተባለውን ዘካ እከፍላለሁ» አሉ።

ጀመዓው «ለካ እውነት ነው» ብሎ አጉረመረመ። በሚቀጥለው ዓርብ በጁሙዓ ሶላት ለሐጂ ቦታ የለቀቀ ሰው አልነበረም። መኪን ይህን አይቶ፣ በደስታ ቤቱ ገብቶ ለዘምዘም አወራላት። እሷ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ያ ጨርቅ እኮ የሐያት መህር፣ የጋብቻ ጥሎሿ ነው! ሲጋቡ ድሃ ስለነበሩ ሳይሰጧት የቀረ። ዘካውን ደግሞ አስቀድመው አውጥተዋል፤ ለጎረቤታችን ለመበለቷ ለራውዳ ድርሻዋን ያደረስኩላት እኔው ነኝ።»

መኪን ሱቃቸው ሲደርስ ሐጂ ጨርቅ እያጣጠፉ ነበር።

«ሐጂ፣ ንጹህ ነበሩ። ለምን አልማሉም?»

«አህዮችህ በየዓመቱ በደጄ ሲያልፉ አያለሁ» አሉ ሐጂ። «እኔ ብምል፣ አንተም ልትምል ነበር።»

በተከታዩ ጁሙዓ መኪን ጀመዓው ፊት ቆሞ፣ የሐጂንም የራሱንም እውነት እያለቀሰ ተናገረ።

ወንድሞቼ፣ ሕግ ለመኪን ማምለጫ ሰጥቶት ነበር፤ ለሐጂም ሰጥቷቸው ነበር። ሐጂ ግን እሳቸው ነጻ ሲወጡ ወንድማቸው እሳት ውስጥ ሊገባ መሆኑን አዩና መልካም ስማቸውን ሰጡ። መኪን ከዚያ ወዲህም በሐጂ መቅናቱን አልተወም ይባላል። ድሮ የሚቀናው ሰው በሚለቅላቸው ቦታ ነበር፤ ኋላ ግን ሁሉ እያየ ማንም ባልተረዳት፣ እጃቸውን በሰበሰቡባት በዚያች ቅጽበት ቀና። እኛስ የምንቀናው በየትኛው ነው?