አልረጋ ያለው አሸዋ

ተረት ተረት፤ የአሸዋ መሠረት። ቤቱን በአሸዋ ላይ የሠራ ሞኝ ነው ይባላል። የኛው ሰው የፈለጉት ግን ቤት አልነበረም፤ አሸዋውን ራሱን ነበር። እሱም የሚረጋ አሸዋ።

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ጥጋቡ የሚባሉ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ። በጉብዝናቸው ወራት ኦጋዴን በረሃ ላይ ለጦሩ ውሃ የሚያመላልስ ኦራል ቦቴ ይነዱ ነበር። ረዳታቸው ቱሉ የሚባሉ የሰላሌ ሰው ነበሩ፤ ጎማ ሲሰምጥ የሚቆፍሩት ቱሉ፣ ሞተር ሲግል የሚሳደቡት ጥጋቡ። ጦሩ ተበተነ፣ ቦቴዋም የት እንደወደቀች ሳይታወቅ ቀረ። ሁለቱ ግን ሳይጠፋፉ አረጁ፤ አንዱ ድሬ፣ አንዱ ሐረር።

ታዲያ የቱሉን ዓይን በሽታ ቀስ በቀስ ወሰደው። አንድ ማለዳ ስልክ ደወሉና ነገሩን ሳያስጌጡ ተናገሩ።

«ጥጋቡ፣ ድሮ ዓይኔን ስጨፍን ያ ቦቴያችን የሰመጠችበት ሜዳ ይታየኝ ነበር። አሁን እሱም እየደበዘዘብኝ ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እስከዚያ በእጄ የምዳስሰው አድርገህ ሥራልኝ። እሱ ከጠፋ ሌላ የማየው የለኝም።»

ሃምሳ አለቃ እሺ አሉ። ስልኩን ዘግተው ትንሽ አለቀሱ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ሥራ ገቡ። ቦቴዋን ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሠሩ፤ ጎማዎቿን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ቆረጡ። ጣውላ ላይ በጀሶ ጉብታና ረባዳ አበጁ፤ ከቀይ አፈር ኩይሳ አቆሙ፤ ደረቅ እሾህ ቁጥቋጦ ነው ብለው ተከሉ። በመጨረሻ ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ ሆድ አሸዋ ዘግነው መጡና በወንፊት ነፍተው አለበሱት። እጃቸውን ቢያሳርፉበት አሸዋው እጃቸውን ተከትሎ ሄደ፤ ከሥሩ ነጭ ጀሶ ፈጠጠ። በኮላ ቢያጣብቁት ደግሞ ደርቆ ሲሚንቶ ሆነ፤ ለዓይን በረሃ፣ ለጣት የሻወር ቤት ወለል። ፍቀው ጣሉትና አሸዋውን ምን ይሻላል ብለው ጠየቁት። አሸዋውም የግራር ሙጫ በውሃ አቅጥነህ ካላጠጣኸኝ አልረጋም አላቸው። አሸዋ ይናገራል ወይ አትበሉኝ። በዚህ ተረት ውስጥ አፍ አውጥተው የማይናገሩት ሃምሳ አለቃ ብቻ ናቸው።

ዕለቱ ሐሙስ ነው። ሙጫ ከገበያ አይገዛም ወይ የምትል ካለህ፣ ና ተረቱን አንተ ቀጥለው። ሃምሳ አለቃ ግን ከሰፈሩ ጫፍ ወደቆመው ግራር ሄዱና ሙጫ ስጠኝ አሉት። ግራሩ ለምን አለ። «ለአንድ ጉዳይ» አሉ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም፤ የጦር ሜዳ ሰው አርጅቶ በቆርቆሮ መኪና ይጫወታል እንዳይባሉ ፈሩ። ግራሩ እንግዲህ አንድ ጉዳይ የሚባል ዘመድ የለኝም አለ። ሌሊት ያነባሁትን ሙጫ ጠዋት ፍየል ትልሰዋለች፤ ፍየሏን ሳታርቅልኝ የምሰጥህ የለም አለ። አሸዋ አልረጋም አለ፤ ግራር ሙጫ አልሰጥም አለ።

ወደ ፍየሏ ዞሩ። ጆሮዋ የተቀደደ ነጭ ፍየል ናት፤ የጎረቤታቸው የሃዎ ናት። ከግራሩ ራቂ አሏት፤ ለምን አለች፤ ለአንድ ጉዳይ አሉ። ፍየሏ ማኘኳን እንኳ አላቋረጠችም። እኔ ወታደር አይደለሁም፣ በትእዛዝ አልሄድም፤ ገመድ ካልያዘኝ አልርቅም አለች። አሸዋ አልረጋም አለ፤ ግራር ሙጫ አልሰጥም አለ፤ ፍየል ከግራር አልርቅም አለች።

ሃዎ ደጇ ላይ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። የድሬ ሰው ትልቅ ትንሽ ሳይለይ ሁሉንም አንተ ይላል፤ ሃምሳ አለቃ ስንት ዓመት ኖረውበት እስካሁን ጆሯቸውን ይኮረኩረዋል። ፍየሏን እሰሪያት አሏት፤ ለምን አለች፤ ለአንድ ጉዳይ አሉ። ሽንኩርቷን ቀጠለችና ገመዱን ለረመዳን አውሼዋለሁ፣ ሂድና ራስህ ጠይቀው አለችው። ብትፈልጉ አለቻቸው በሉ፣ እሷ ግን እንደዚያ ነው ያለችው። ገመዱ የረመዳን ባጃጅ ላይ ተገኘ፤ የሞተሯን ክዳን ጠፍሮ ይዟል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ይሄ ገመድ ብቻውን ባጃጅ አስሯል። ታዲያ በአንድ ጊዜ ባጃጅም ፍየልም አላስርም አለ። አሸዋ አልረጋም አለ፤ ግራር ሙጫ አልሰጥም አለ፤ ፍየል ከግራር አልርቅም አለች፤ ገመድ ፍየል አላስርም አለ።

ባጃጇን ገመዱን ልቀቂ አሏት። ለምን አለች፤ ለአንድ ጉዳይ አሉ። ረመዳን መሪው ላይ ሆኖ ሳቀ። በዚህ ዕድሜ ሚስት ሊያገቡ አስበዋል ብሎ ጠረጠረ፤ ጥርጣሬውንም ተራ ለሚጠብቁት ባለባጃጆች ሁሉ አካፈለ። ባጃጇ ግን ቁም ነገረኛ ናት። ክዳኔን የሚይዝ ቡሎን ወድቆብኛል፤ ገመዱን ብለቅ ክዳኔ አስፋልት ላይ ይቀራል፤ ቡሎን ካልመጣልኝ አልለቅም አለች። አሸዋ አልረጋም አለ፤ ግራር ሙጫ አልሰጥም አለ፤ ፍየል ከግራር አልርቅም አለች፤ ገመድ ፍየል አላስርም አለ፤ ባጃጅ ገመድ አልለቅም አለች።

ቡሎን ያለው ጎሚስታው ወንድይፍራው ዘንድ ነው፤ ጎማ ከሚለጥፍበት በርሜል አጠገብ አንድ ሣጥን ሙሉ። ሃምሳ አለቃ ፀሐዩን እየሰነጠቁ ደረሱ። ወንድይፍራው ለምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ለአንድ ጉዳይ አሉ። እሱ ደግሞ የተቀበረ ወርቅ አግኝተው ሊቆፍሩ ነው ብሎ አሰበ፤ ሰው መቼም ሲደብቁት ማሰብ አያቅተውም። ሣጥኑን በአገጩ አሳያቸው። ሣጥኑ ላይ ድመት ወልዳለች። ቡሎኑ ከሥር ሆኖ አራስ ላዬ ላይ ተኝታ እንዴት እወጣለሁ አለ። አሸዋ አልረጋም አለ፤ ግራር ሙጫ አልሰጥም አለ፤ ፍየል ከግራር አልርቅም አለች፤ ገመድ ፍየል አላስርም አለ፤ ባጃጅ ገመድ አልለቅም አለች፤ ቡሎን ከሣጥን አልወጣም አለ።

ድመቷን እባክሽ ተነሽ አሏት። እባክሽ ማለታቸው ራሱ ከድካም ነው። ድመቷ ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ እጃቸውን ነው ያየችው። ባዶ ነው። አራስ በባዶ እጅ ይጠየቃል ወይ፣ የትኛው አገር ነው ያደግኸው፤ ወተት ካልመጣልኝ አልነሳም አለች። ሃምሳ አለቃ አፈሩ፤ ይሄ እንኳ እውነቷን ነው። ከሱቅ የላስቲክ ወተት ገዝተው ቢያቀርቡላት አሽታ ፊቷን አዞረች፤ የፍየል ወተት የለመደች ኖራለች። አሸዋ አልረጋም አለ፤ ግራር ሙጫ አልሰጥም አለ፤ ፍየል ከግራር አልርቅም አለች፤ ገመድ ፍየል አላስርም አለ፤ ባጃጅ ገመድ አልለቅም አለች፤ ቡሎን ከሣጥን አልወጣም አለ፤ ድመት ከላዩ አልነሳም አለች።

የፍየል ወተት የት አለ? ግራሩ ሥር፣ ጆሮዋ በተቀደደው ፍየል ጡት ውስጥ። ወተቱ ፍየሏ ካልቆመች አልታለብም አለ። ፍየሏ ካልታሰረች አትቆምም። ገመዱ ባጃጅ ላይ ነው፣ ባጃጇ ቡሎን ትጠብቃለች፣ ቡሎኑ ድመት ሥር ነው፣ ድመቷ ወተት ትጠብቃለች፣ ወተቱ ፍየሏን ይጠብቃል። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የተነሱበት ግራር ሥር አመጣቸው። ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ቅዳሜ ቀርባለች። ሃምሳ አለቃ የቱሉ እጅ ጀሶ ላይ ሲያርፍ፣ ቱሉም ምንም ሳያገኙ እጃቸውን ሲሰበስቡ ታያቸው። ሃዎ ደጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

ሃዎ አየቻቸው። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«አቦ ጥጋቡ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩን ታምሰዋለህ። አንዱ ሊያገባ ነው ይላል፣ አንዱ ወርቅ አገኘ ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ጉዳይህ ምንድነው?»

 ሃምሳ አለቃ በመጨረሻ ተናገሩት።

«ጓደኛዬ ዓይኑ ጠፋ። ድሮ አብረን የነዳናትን ቦቴ በቆርቆሮ ሠራሁለት፤ የቆምንበትንም በረሃ ጣውላ ላይ። ቅዳሜ መጥቶ በእጁ ሊያየው ነው። አሸዋው ግን አልረጋ አለኝ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ መጫወቻ ስሠራ እንዳልገኝ ብዬ ደበቅሁ።»

ሃዎ አልሳቀችም። የራሷ እናት በመጨረሻ ዘመኗ ዓይኗ ጠፍቶ የልጇን ፊት በጣቶቿ እየዳሰሰች ነበር የምትለያት። ጣሳ አነሳች።

«አንድ ጉዳይ ሰውን ከጥላ አያስነሳም፤ ይሄ ግን ያስነሳል። ተነስ፣ ቀንዷን ያዝልኝ።»

ሃምሳ አለቃ ቀንድ ያዙ። ፍየሏ ተሳደበች፣ ተራገጠች፣ በኋላ ግን ቆመች፤ ለካ ለመታለብ የሚያስፈልጋት ገመድ ሳይሆን የሚይዛት ሰው ነበር። ሃዎ አለበች። ከዚያ ነገሩ በመጣበት መንገድ ይመለስ ጀመር፤ ወሬውም ከፊት ከፊት ይሮጥ ነበር። ወተት ለድመት ደረሰ። ድመት ከሣጥን ተነሳች። ወንድይፍራው ጉዳዩን ሲሰማ ስለ ወርቁ አፍሮ ቡሎኑን ራሱ ይዞ መጣ። ባጃጅ ቡሎን አገኘች፣ ገመድ ለቀቀች። ረመዳንም ሊያገቡ ነው ብሎ የነገራቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞረ አይደለም አላቸው። ገመድ ፍየል አሰረ። ፍየል ከግራር ራቀች። ግራር ሌሊቱን በሰላም አነባ፤ ጠዋት ግንዱ ላይ ማር የመሰለ ሙጫ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ሃምሳ አለቃ ለቅመው በሞቀ ውሃ አቀጠኑት፣ በመርፌ ስበው ጠብ ጠብ እያደረጉ አሸዋውን አጠጡት። ሙጫ አሸዋ ያዘ። አሸዋ ረጋ።

ቅዳሜ ቱሉ ከሐረር መጡ። ሃዎ፣ ረመዳንና ወንድይፍራው በር ላይ ቆሙ፤ ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም ሂዱ አላላቸውም። ሃምሳ አለቃ የጓደኛቸውን እጅ ይዘው ጣውላው ላይ አሳረፉት። የቱሉ ጣቶች በቀስታ ሄዱ። ጉብታውን ወጡ፣ ረባዳውን ወረዱ፣ ኩይሳውን ዞሩ፣ እሾኩ ሲወጋቸው ፈገግ አሉ። ጣቶቻቸውን አንስተው እርስ በርስ አሻሿቸው። አንድ ፍሬ አሸዋ አልተከተላቸውም።

«ይሄ አሸዋ ጨዋ ነው» አሉ። «ያኛው ጥርሳችን ውስጥ ነበር የሚያድረው።»

ቀጥለው ቦቴዋን አገኙ። የሰመጠውን የኋላ ጎማ በአውራ ጣታቸው ለኩ፤ ልኩ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በቦቴዋ ዙሪያ ፈለጉ፣ ደግመው ፈለጉ፣ እጃቸው ቆመ።

«እኛስ የት ነን?»

ሃምሳ አለቃ ደነገጡ። ጎማ አስታውሰው፣ ኩይሳ አስታውሰው፣ ሰው መሥራት ጭራሽ አላሰቡም።  ይቅርታ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ቱሉ ሁለት ጣታቸውን ከቦቴዋ ሆድ ሥር አስገብተው ጎን ለጎን አስተኟቸው። ቦታው ልክ ሁለት ጣት ያስተኛል።

«ተወው፣ አገኘሁን» አሉ። «ጥላው ውስጥ ነን። ይሄ አንተ ነህ፣ ይሄ እኔ ነኝ። ፀሐዩ እስኪበርድ ተኝተናል።»

ሃምሳ አለቃ ጥጋቡ አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ቱሉ ጣቶቻቸውን ለረጅም ጊዜ ከዚያ አላወጡም፣ ያስቸኮላቸውም ሰው አልነበረም።

ተረቴን መልሱ፤ የአፌን አሸዋ አብሱ።